የአሮጊቷ ሞተር ልክ

ጥር 12

ለታናሽ ወንድሜ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስህ ቆመህ፣ ጠግበህ፣ ሰው መሃል ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ያመኛል፤ እሱ ግን አንተ ሳትሄድም ያመኝ ነበር።

የማን ጽሕፈት ነው ብለህ አትጨነቅ፤ የራሴ ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ፊደል ቆጠርኩ። አንተ በሰባት ዓመትህ፣ እኔ የሰፋሁትን ዩኒፎርም ለብሰህ የቆጠርከውን ማለቴ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ደብዳቤህን የሚያነብልኝ እሱ ነበር። የወደደውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ያልወደደውን በሳል ያልፈዋል። ከሞተ በኋላ ሣጥኑን ከፍቼ ሁሉንም ራሴ አነበብኩት። ብዙ ሳል ነበረበት።

የምጽፍልህ ስለ አሮጊቷ ነው። ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደውን መኪና ልጄ እንደምትነዳው ታውቃለህ። ሞተሯ ተሰነጠቀ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን አስጠግቶ ብዙ አዳመጠ። ሰፈሩ በሙሉ ጆሮ እያለ የሚጠራው በዚህ አመሉ ነው።

«እናቴ፣ ታመመ ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። ሞቷል» አለኝ።

«ሌላ ሞተርስ?»

ዋጋውን ነገረኝ። እሷን ከነጎማዋ፣ እኔን ከነመኪናዬ ብንሸጥ ያን አናወጣም፤ መኪናዬ ስልህ የልብስ ስፌቱን ማለቴ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ልጄ ከኮረብታው ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግራለች። አራት አስተማሪዎችን ጠዋት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ታወጣለች፣ ማታ ታወርዳለች። ሥራው መስከረም ሃያ ይጀምራል። ርዕሰ መምህሯ ቁርጡን ተናግራለች፤ በዚያ ቀን መኪናዋ በር ላይ ካልቆመች ሌላ ሰው ትቀጥራለች። የኔ ዓይን ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ትቷል። የምንኖረው እንግዲህ በዚያች መኪና ነው።

ባለቤቴ በሳል ካለፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ፣ የምትሠራበት ግቢ ውስጥ የከባድ መኪና ሞተር እንደ ድንጋይ ተከምሮ እንደሚውል ጽፈህ ነበር። ከዚያ ድንጋይ አንዱን ላክልን።

ያሳደገችህ እህትህ


የካቲት 9

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ዓይንሽን ያቆይልሽ። ፖስታውን ስከፍት የማን ጽሕፈት እንደሆነ ለማወቅ እስከ ታች አልጠበቅኩም። ፊደሎቹ እንደ ስፌትሽ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ እኩል ርቆ ይቆማል። ምን ምኑ በሳል እንደታለፈ አልጠይቅሽም። ስታነቢው ግን ብቻሽን መሆንሽ ከነከነኝ።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። የትንሽ ጭነት መኪና ሞተር በቤት መኪና ላይ ይቀመጣል፤ እዚህ ብዙ ሰው ይሠራዋል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ግቢው ውስጥ ሁለት ደህና ሞተሮች አሉ። አንዱ ባለ አራት ፒስተን ነው፤ ደጃፍ ላይ ስለተቀመጠ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ሌላው ባለ ስድስት ነው፤ ጉልበቱ ለኮረብታሽ የተፈጠረ ነው፣ ዋጋውም እንደ ነጻ ነው። ግን ረዘም ይላል፤ ደግሞ ከስር ነው፣ ሌሎች ሁለት ተጭነውበታል።

የቱ እንደሚገባ የማውቀው ልኩን ካገኘሁ ነው። ኮፈኑን አስከፍተሽ ከኋላው ግድግዳ እስከ ራዲያተሩ ያለውን ርዝመት፣ ከግራ ቀኝ ያለውን ስፋት፣ ወደ ታች ያለውን ጥልቀት ለክተሽ ላኪልኝ። ከአንቺ የተሻለ ለኪ የት አገኛለሁ።

ፍሬኑስ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ጭነት የለመደ ሞተር ራሱም ከባድ ነው። መኪና ማስኬድ ቀላል ነው እትዬ፤ ማቆም ነው ከባዱ።

ወንድምሽ


መጋቢት 6

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ በደህና ገባ። አንተንም እንደዚያው በደህና ያውልህ።

ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ጋራዥ ሄድኩ። ጆሮ ሲያየኝ ሳቀ።

«ቀሚስ ሊሰፉላት ነው እናቴ?»

«የኔ ቀሚስ ከናንተ ሥራ ይሻላል። ስፌቱ ዘይት አያንጠባጥብም» አልኩት።

በራሱ ብረት ሜትር ሊለካ ሲል ከለከልኩት። አርባ ዓመት ስለካ አንድ ሰው ጠበበኝ ብሎ ተመልሶብኝ አያውቅም። ልኩ ይኸውልህ፦ ርዝመቱ ሰማንያ ስምንት፣ ስፋቱ ሰባ ስድስት፣ ጥልቀቱ ሰባ ሁለት። እንደ ሥራዬ ለካሁ፣ እንደ ሥራዬ ጻፍኩ።

ፍሬኑ ለባለቤቴ ሲቆምለት ነበር፤ ለልጁም ይቆምላታል።

ብቻሽን ማንበብሽ ከነከነኝ ብለሃል። በቀብሩ ጊዜ ትኬት ውድ ነው ብለህ የጻፍከውንም ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ስድስት ቀን ፈጀብኝ፤ ያኔ ገና «ት»ን ከ«ቅ» ለመለየት እቸገር ነበር። አሁን ፈጣን ነኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 11

ለእትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የኔ ደህና ነው።

ስለ ትኬቱ፦ የጻፍኩት እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ግን ለአንቺ ምን ይጠቅምሻል።

ልክሽን ይዤ ሁለቱን ሞተሮች ለካሁ። ባለ ስድስቱ ከነፋኑ ሰማንያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት ይተርፋል። እኔ በዓይን ግምት አይገባም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ የአንቺ ቁጥር ሲመጣ ግን ደስ አለኝ። ስለዚህ ደጃፍ ላይ ያለውን ትቼ ከስር ያለውን አወጣለሁ። አለቃዬ ግቢውን ካጸዳህልኝ ከነካምቢዮው ውሰደው ብሎኛል። የሚያመጣላችሁ ዕቃ በመርከብ የሚያስጭን ነጋዴ ነው፤ ሰውዬው የታመነ ነው።

አሁንም ስለ ፍሬኑ አልመለስሽልኝም። «ሲቆምለት ነበር» መልስ አይደለም። ይህ ሞተር ከድሮው በሰማንያ ኪሎ ይበልጣል፤ ያ ሁሉ የሚያርፈው የፊት እግሮቿ ላይ ነው። በነጋዴው እጅ ትንሽ ገንዘብ እልክልሻለሁ። ለአዲስ የፍሬን ሸራ ብቻ ነው። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሸራው ይቀየር።

ወንድምሽ


ሰኔ 2

ለወንድሜ፣

በሕይወት ካለህ ጻፍ። ሃምሳ ቀን አለፈ። ልጄ በየቀኑ ወደ ፖስታ ሣጥኑ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ፊቷን አይቼ አልጠይቃትም። ዝናቡ ጀምሯል። አሮጊቷ ኮፈኗን ከፍታ ባዶ ሆዷን ይዛ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጣለች። ጆሮ ቦታ አጣበበችብኝ ማለት ጀምሯል።

ተቀይመህ ከሆነም ተቀይሜያለሁ ብለህ ጻፍ።

እህትህ


ሰኔ 19

ለእትዬ፣

ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሞተሩ ተጭኗል። ገንዘቡ ነጋዴው ጋ ነው። ለፍሬን።

ወንድምሽ


ሐምሌ 8

ለወንድሜ፣

እግዜር ያክብርህ፣ ድካምህን ዋጋ ያድርግልህ። ሞተሩ ከትናንት በስቲያ ደረሰ። አራት ሰው አወረደው። ልጄ ጨርቅ ይዛ እንደ ሕፃን ገላ ጠረገችው። ጆሮ ሰንሰለት ላይ ሰቅሎ አስገብቶታል። ትንሽ ማስተካከያ ያስፈልገዋል፤ ቀላል ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተና መሰሎችህ ወረቀት ስታነቡ ቃሉን ነው የምታዩት። እኔ ዘግይቼ የተማርኩ ነኝና ፊደሉን አንድ በአንድ ነው የማየው። የሰኔው ደብዳቤ ፊደል ወደ ግራ ተኝቷል። «ለ» እግሩ ይንቀጠቀጣል። መስመሩ ከወረቀቱ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ቀን የጻፍኩትን ይመስላል።

ማን ነው የጻፈልህ?

እህትህ


ሐምሌ 28

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺና ለልጅሽ። ማንም አልጻፈልኝም፤ ራሴ ነኝ። ብዕሩ መጥፎ ነበር፤ ይሄኛውም ያው ነው።

ማስተካከያው ምንድን ነው? ልኩ ልክ ከሆነ ማስተካከያ ለምን አስፈለገ? ሸራውስ ተቀየረ? ለሦስት ጥያቄ ሦስት መልስ ላኪልኝ።

ሸራም ብቻውን አይበቃትም ብዬ እየሰጋሁ ነው። እዚህ የአሮጊቷ ታላቅ እህት የምትሆን፣ ያው ፋብሪካ የሠራት ከባድ መኪና ተሰብራ መጥታለች። የፊት ፍሬኖቿ ሰፋ ያሉ ናቸው። ጎማው የሚታሰርባቸው ብሎኖች ስንት እንደሆኑና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክተሽ ላኪልኝ፤ ከተስማሙ ሙሉውን ፈትቼ በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው እሰጣለሁ።

እስከዚያ ድረስ ልጅቷ ቁልቁለት አትውረድ። ሜዳ ላይ ትንዳ። እባክሽ እትዬ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 15

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ እውነቱን እንዳልነገርከኝ አውቃለሁና። እኔም ያልነገርኩህ አለ። መጀመሪያ የኔን ልጨርስ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። መኪናዋን ያስነሳናት ከዚያ በፊት ባለው እሁድ ነው። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ጆሮ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ፈገግ አለ። ልጄ መሪውን ያዘች፣ እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ፣ ጆሮ ከኋላ ሆነ። ኮረብታውን እንደ ፍየል ወጣችው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ሆኖ፣ «ይቺ ያቺ አሮጊት ናት?» አለ።

«ባል አግብታ ነው» አለችው ልጄ። ስትስቅ ካየኋት ዓመት አልፏል።

ስንወርድ፣ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ፣ ሳቋ ተቆረጠ።

«እማዬ፣ ፔዳሉ እየሰመጠ ነው።»

«ደግመሽ ርገጪው» አላት ጆሮ።

«ረገጥኩት። ወለሉ ጋ ደርሷል።»

«ማርሽ ቀንሺ። ቀስ ብለሽ። የእጅ ፍሬኑን እንዳትጎትቺው፣ ትዞርብሻለች። ማርሽ ብቻ።»

ሞተሩ ጮኸ። ግንቡ፣ ዛፉ፣ የሰው ልብስ የተሰጣበት አጥር በመስኮቱ ያልፋሉ። ከታች አውቶቡስ ማቆሚያው ይታያል፤ ሰው ቆሞበታል። እኔ ፔዳል የለኝም፣ ግን እግሬ ወለሉን ይገፋ ነበር። ልጄ አልጮኸችም። ቤት ከሚሠራበት ግቢ ፊት የአሸዋ ክምር አይታ መሪውን ወደዚያ ሰበረችና ውስጡ ቀበረችን። ማንም አልተጎዳ። የፊት መከላከያው ታጥፏል።

አሸዋው መስታወቱን ሸፍኖት እንደተቀመጥን፣ እጇን ከመሪው ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ አጎቴ የላከው ገንዘብ ለሸራ አልነበር?»

ነበር። ያን ቀን ለእሷ እንደነገርኳት አሁን ለአንተም ልንገርህ።

ሞተሩ ሊገባ ሲል አልገባም። ፋኑ ራዲያተሩን ነካ። ጆሮ የብረት ሜትሩን አውጥቶ ለካ፤ ሰማንያ አራት። «እናቴ፣ ሰማንያ ስምንት ብለውት አልነበር?» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ልብስ ሰፊ የለካውን አይጽፍም። ገላ ሰማንያ አራት ከሆነ ሰማንያ ስምንት ብሎ ይጽፋል፤ ለስፌትና ለመተንፈሻ ሁለት ጣት ይተዋል። አርባ ዓመት እጄ እንዲህ ነው የጻፈው፤ ያኔ በቁጥር ብቻ፣ ፊደል ሳልቆጥር። ማንም ጠበበኝ ብሎ ያልተመለሰብኝ በዚህ ነው። ለብረትም ሁለት ጣት ተውኩለት። ብረት ግን አይሰፋም።

ለጆሮ፣ «የድሮ ግጭት ፊቷን አጥፎት ይሆናል» አልኩት። ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ተማርኩ ብዬ ስኩራራ ከርሜ ልኩን ሳትኩ ማለት ሞት መሰለኝ። የፊት ብረቷን ቆርጦ ራዲያተሩን ወደፊት ገፋው። የተከፈለው ከፍሬኑ ገንዘብ ነው። አሮጌው ሸራ አሮጌ እንደሆነ ቀረ፤ ልጄን በዚያ ላይ አስቀመጥኳት።

የመኪናዋ ቁልፍ አሁን አንገቴ ላይ ነው፣ ሜትሬ በሚንጠለጠልበት ቦታ። ልጄ አልለመነችኝም፤ አታናግረኝም እንጂ። መስከረም ሃያ አርባ ቀን ቀርቶታል።

ስለ ብሎኖቹ ቁጥር አልልክልህም። ከእንግዲህ በቁጥሬ አትመን። ጎማው ሲፈታ የልብስ ንድፍ የምሠራበትን ወረቀት ብረቱ ላይ ዘርግቼ በጠመኔዬ አሸሁት። ቀዳዳዎቹ አምስቱም ወጥተዋል። ዙሪያውን በመቀስ ቆርጬዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፏል። እዚያ ካለው ፍሬን ላይ አስቀምጠው። ወረቀቱ ላይ ምንም አልጨመርኩም።

አሁን ያንተን። ባለ አራቱ ሞተር ደጃፍ ላይ እንደነበር፣ ባለ ስድስቱ ከስር እንደነበር ጽፈህልኝ ነበር። ያን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ምን እንደሆንክ አልጠይቅህም፤ ብዕሩ ነው ትለኛለህ። ይልቅ ቀኝ እጅህን ባዶ ወረቀት ላይ ዘርጋና ዙሪያውን በእርሳስ ሳለው። ጓንት ልሰፋልህ ነው። ለጓንት ልክ ያስፈልጋል።

እህትህ


ጳጉሜን 2

ለእትዬ፣

ልጅሽ በሕይወት አለች። «ማንም አልተጎዳ» የሚለውን እስካገኝ ድረስ መስመር እየዘለልኩ አነበብኩ።

ወረቀትሽን ፍሬኑ ላይ አስቀመጥኩት። አምስቱም ቀዳዳ በአምስቱ ላይ ተቀመጠ። አለቃዬ አይቶት፣ «ይሄን የሠራው መሐንዲስ የት ነው ያለው?» አለኝ። እህቴ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት አልኩት። ሁለቱም የፊት ፍሬኖች ከነሸራቸው ተጠቅልለው ለአንዲት ተጓዥ ነርስ ተሰጥተዋል። በሳምንት ውስጥ ይደርሱሻል። ነርሷ ከባድ ነው ብላ ስታጉረመርም ነበር፤ ስትቀበያት አመስግኚልኝ።

ሰንሰለቱ ነው እትዬ። አሮጌ ሰንሰለት ነበር፤ ባለ ስድስቱን ከስር ሳወጣ ተበጠሰ። ሞተሩ ሲወርድ እጄ ከስር ነበረች። ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀዷታል። መፍታትና ማሰር አልችልም፤ አለቃዬ በር ላይ አስቀምጦኝ የሚገቡትን መኪኖች ታርጋ በግራዬ እጽፋለሁ። አንቺን ለማሳቀቅ አልፈለግሁም። የሰው ጥፋት አይደለም።

ከስር ያለው ሥዕል ቀኝ እጄ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ጣት አይዘረጉም፤ እንዲህ ታጥፈው ነው የሚቀሩት። ልኩ ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ወንድምሽ


መስከረም 21

ለወንድሜ፣

ዓመቱ ለእጅህ የምሕረት ይሁን።

ፍሬኖቹ ደረሱ። ጆሮ ሲገጥማቸው ቆሜ አየሁ፤ አንድም ብረት አልተቆረጠም። ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ለልጄ የሰጠኋት ከስምንት ቀን በፊት ነው። መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀጥሎ አራት ጆንያ አሸዋ ጭነን ኮረብታውን ወረድን። በየጥምዙ አቁሚ አልኳት። በየጥምዙ አቆመች። በስድስተኛው «እማዬ፣ አሁን ይበቃል» አለችኝ። ከአሸዋው ቀን ወዲህ እማዬ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ትናንት ጠዋት አራቱን አስተማሪዎች ወሰደች። እኔ አልተሳፈርኩም፤ ቦታ የለም። ማታ ሲወርዱ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ከላይ መብራቷ ሲመጣ እግሬ መሬቱን ይገፋ ነበር። ፊቴ መጥታ ቆመች። አስተማሪዎቹ ስለ ተማሪ ፈተና እያወሩ ወረዱ። ምንም እንዳልሆነ ወረዱ።

የእጅህን ሥዕል ያየሁት ብቻዬን ነው። ስታነቢ ብቻሽን መሆንሽ ከነከነኝ ብለህ ነበር፤ ይኼንንም ጨምረው። ጣቶችህን አውቃቸዋለሁ፤ ልጅ ሳለህ መርፌዬን የምትደብቅባቸው ጣቶች ናቸው። የሰው ጥፋት አይደለም ያልከውን አንብቤዋለሁ፤ አልተቀበልኩህም። ቁጥሩ የኔ ነበር።

ጓንቱ ከዚህ ጋር አለ። ክሩን መርፌው ውስጥ ያስገባችልኝ ልጄ ናት፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቆዳው የባለቤቴ ጃኬት ነው፤ ሲስል የሚለብሰው። በሥዕሉ ልክ ቆርጬዋለሁ፣ ሁለቱ ጣቶች እንደታጠፉ።

ነገር ግን በእነዚያ በሁለቱ ጣቶች ስፌት ውስጥ ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ቆዳ ትቻለሁ። አውቄ ነው የተውኩት። ጣቶችህ መዘርጋት የጀመሩ ቀን ክሩን ፍታው፤ ይሰፋል።

እህትህ